ለአንድ ቀን ብቻ የተከፈተ ፈቃድ

ሙዝና ሰው አሳፍራ መመለስ አትችልም። ለሚያያት ደግነት ይመስላል፤ ለራሷም ለብዙ ዘመን ደግነት ይመስላት ነበር። ይሉኝታ ብቻ መሆኑን ያወቀችው አንዲት እናትና ልጅን ካቆራረጠች በኋላ ነው።

ጂዳ ውስጥ ሰርግ ማዘጋጀት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። አበባና መብራት ማንም ያመጣል ትላለች፤ እሷ የምትኮራው በምስጢር ጠባቂነቷ ነው። የእንግዶቹ ስም ዝርዝር፣ የወንበሩ አቀማመጥ፣ የምግቡ ዓይነት፣ በስልክ የሚላኩት የመግቢያ ካርዶች ሳይቀሩ ሁሉም ያለው ኮምፒውተሯ ላይ ባለ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ባለሰርጎቹም ከየቤታቸው በስልካቸው ገብተው ያዩታል። ግን ሁሉም ሁሉን አያይም። ሙሽራዋ ሁሉን ታያለች፤ የሙሽራው እናት የራሷን ወገን እንግዶች ብቻ፤ አክስቶች ምግቡንና አበባውን። ለማን ምን እንደሚከፈት፣ ለማን ምን እንደሚዘጋ የምትወስነው ሙዝና ናት። ለእያንዳንዷ ደንበኛ የምትሰብከው ስብከትም አላት፦ «እንግዳ ሳሎን ይገባል እንጂ ጓዳ ይገባል እንዴ? የኔ ፕሮግራም ጓዳውን ይቆልፋል።»

ስብከቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ከዓመታት በፊት፣ ገና አሠራሩን በደንብ ሳታውቀው፣ አንዲት ሙሽራ ከአማቷ ስም አጠገብ «ወሬኛ ናት፤ ከማይክራፎን ትራቅ» ብላ የጻፈችውን ማስታወሻ አማቲቱ በገዛ ስልኳ አንብባዋለች። አማቲቱም የሰርጉ ቀን ማይክራፎኑን ይዛ ለሦስት ሩብ ሰዓት አለቅም አለች። ከዚያ ወዲህ ሙዝና አንድም ስም ለማይገባው ዓይን አሳይታ አታውቅም ነበር።

ጁማና የመጣችው ሰርጓ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ለብቻዋ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ስለ አበባውም ስለ ኬኩም ካወሩ በኋላ ቦርሳዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሙዝና፣ ማንም እንዳያየው የምፈልገው አንድ ካርድ አለኝ።»

«የወንድ ከሆነ እኔ የለሁበትም» አለች ሙዝና።

ጁማና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። «የእናቴ ነው» አለች።

እናቷ ሲሃም ከአባቷ ጋር የተፋታችው ጁማና አራት ዓመት ሲሆናት ነው። ሲሃም ሌላ ባል አግብታ ያንቡዕ ወደምትባል ከተማ ስትሄድ፣ እንደ ወጉ ልጅቱ ለአባቷ ወገን ቀረች። አባትየው የመርከብ ዕቃ አስተላላፊ ነው፤ ከቤቱ ይልቅ ወደቡ ላይ የሚኖር ሰው። ስለዚህ ጁማናን ያሳደገቻት የአባቷ እህት ኢንቲሳር ናት። ኢንቲሳር ለዚህች ልጅ ብላ ሁለት የትዳር ጠያቂ መልሳለች፤ ሦስተኛ ሳይመጣ ዕድሜዋ ሄደ። በዚያ ቤት የሲሃም ስም አይነሳም። እናትና ልጅ ለዓመታት የተገናኙት በስልክ ነው፤ ያውም ተደብቀው።

«ስመረቅ እመጣለሁ ብላ ቀርታብኛለች» አለች ጁማና። «ባሏ ሳይከለክላት አልቀረም። አሁን ግን እየዳህኩም ቢሆን እመጣለሁ ብላለች።»

«አክስትሽስ?»

«አስቀድማ ካወቀች ትታመምብኛለች። እናቴ አዳራሹ ውስጥ ከገባች በኋላ ግን ሦስት መቶ ሴት ፊት ምን ትላለች? ተነስታ ትስማታለች። እኔ አክስቴን አውቃታለሁ።»

«ብትጮህስ?»

«ከበሮው ይሸፍነዋል» አለች ጁማና፤ አሁን ከልቧ ሳቀች። «ለእናቴም ነግሬያታለሁ። በር ላይ ማንነቷን ለማንም አትናገርም። ለኔም አትደውልም፤ የዚያን ቀን ስልኬ አክስቴ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚሆነው።»

ሙዝና ካርዱን አዘጋጀች። «ለሙሽራዋ ብቻ የሚታይ» የሚለውን ስትነካ ከሲሃም ስም ጎን የተጨፈነ ዓይን ምልክት ወጣ። ወንበሯን ከመድረኩ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ አደረገችላት፤ ሙሽራዋ ስትወጣ ፊት ለፊት የምትታይበት ቦታ ነው።

«በቃ? ይሄው ነው?» አለች ጁማና።

«ይሄው ነው። ከእንግዲህ አንቺና እኔ፣ ከዚያ በላይ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ኢንቲሳር ቢሮው ድረስ መጣች። ስልሳን የተጠጋች፣ አረማመዷ ቀጥ ያለ ሴት ናት። በእጇ በቴምር የተሞላ ማዕሙል በቆርቆሮ ይዛለች፤ ራሷ የጋገረችው ብስኩት ነው፤ ገና ሙቀቱ አልወጣም። ሙዝና ቆርቆሮውን ስታይ ነበር መጠንቀቅ የነበረባት። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ይመለሳል፤ ጋግሮ የመጣን ሰው ማን አንጀት ኖሮት ይመልሳል?

«ሙዝና ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ኢንቲሳር ዐባያዋን ሰብስባ እየተቀመጠች። «እኔ ለዚህች ልጅ ምኗ ነኝ?»

«እናቷ ነዎት እንጂ፣ ኻላ» አለች ሙዝና፣ እንደ አገሩ ወግ አክስቴ ስትላት፤ «ይሄ ምን ጥያቄ ነው?»

«እንግዲያው ስልኬን ስከፍተው አበባና ሩዝ ብቻ የሚያሳየኝ ለምንድን ነው? የሙሽራው እናት የእንግዶቿን ስም ቁጭ ብላ ትቆጥራለች። እኔ ጽጌረዳ እቆጥራለሁ።»

«የፕሮግራሙ አሠራር ነው ኻላ…»

«ፕሮግራሙን የሚያዘው ማን ነው? ጂኒ ነው?»

ሙዝና ሳቀች፤ ኢንቲሳር አልሳቀችም።

«ከመካ የሚመጡ አሮጊቶች አሉብኝ። የእናቴ ባልንጀሮች ናቸው። ለአንዷ ካርድ ሳይደርሳት ቀርቶ ብትቀየም የእናቴ አጥንት ይወቅሰኛል። ስማቸው መኖሩን ልይ ነው ያልኩሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሳደገ ሰው ስም ማየት ነውር ሆነበት?»

ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ከፍቶ አንድን ስም ብቻ መደበቅ ይችላል። ግን ለዚያ የሲሃምን ስም ፈልጎ መንካት ያስፈልጋል፤ ኢንቲሳር ደግሞ ተነስታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ከሙዝና ትከሻ በላይ ኮምፒውተሩን እያየች ቆማለች። «እስኪ አንዴ ይቀመጡ ኻላ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ወይም «ወደ ማታ በስልክዎ ይመጣልዎታል»። ሙዝና እነዚህን ሁለት አጫጭር ነገሮች በኋላ ለብቻዋ ሺህ ጊዜ ብላቸዋለች። ያኔ ግን አክስትየዋን ካገር ምድር ሁሉ ለይታ የተጠራጠረች እንዳይመስልባት፣ ከማዕሙሉም እንዳታፍር፣ «ሙሉ ፈቃድ» የሚለውን ነካችው።

ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው የተደበቀውንም ያያል። ማየት ብቻ አይደለም፣ ይጨምራል፣ ይሰርዛል። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ሙዝና ናት፤ ለስንቱ አስተምራዋለች። ከሦስት መቶ አርባ ስም መሃል አንዱን የት ታገኘዋለች፣ ዓይኗም ደክሟል ብላ ራሷን አባበለች።

«ለአንድ ቀን ብቻ ነው ኻላ። ነገ እዘጋዋለሁ።»

«አላህ በሩን ሁሉ ይክፈትልሽ» አለቻት ኢንቲሳር፤ ጉንጯንም ሳመቻት።

በማግስቱ የመድረኩ አበባ ወደብ ላይ ተያዘ። ያንን ለማስለቀቅ ሁለት ቀን በስልክ ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ ደግሞ ስትለምን ዋለች። አበባው ሲለቀቅ የሙሽራው እናት የወንበሮቹ ጨርቅ ቀለም ቢጫ ጥርስ ይመስላል ብላ አስቀየረች። ሙዝና የገባችው ቃል ትዝ ያላት ሰርጉ ካለፈ በኋላ ነው።

የሰርጉ ዕለት፣ ሐሙስ፣ የሴቶቹ አዳራሽ በር ላይ ሦስት ሠራተኞች ቆሙ። አንዷ ዐባያ ትቀበላለች፣ አንዷ ስልክ በከረጢት ታሽጋለች፣ ሦስተኛዋ ሹሩቅ የካርዶቹን ኮድ በታብሌት ታነባለች። አረንጓዴ ካሳየ ይገባል፤ ቀይ ካሳየ አይገባም። ሕጉን ያወጣችው ሙዝና ራሷ ናት። «ቀይ ካሳየ አትከራከሪ፣ እኔንም አትጥሪኝ» ብላታለች። «በዚህ ከተማ ቀይ ካርድ ይዛ የሙሽራዋ የቅርብ ዘመድ ያልሆነች ሴት የለችም።»

ጁማና በሙሽሮች ክፍል ውስጥ ቀሚሷን ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ሙዝና በገባች ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ በዓይኗ ትጠይቃታለች። አንድ ጊዜ ኢንቲሳር ሽቶ ልታመጣ ስትወጣ ጠብቃ፣ «መጣች?» አለቻት።

«ትመጣለች። የያንቡዕ መንገድ ረጅም ነው።»

«ወንበሩ ባዶ ነው?»

«ገና ጊዜ አለ፣ የኔ ቆንጆ። አታልቅሺ፣ ኩልሽ ይፈሳል።»

የበሩ መዝገብ እኮ በእጇ ባለው ስልክ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ብትነካው ታየዋለች። ግን የዘፋኟ ድምፅ ማጉያ ያፏጫል፣ የሙሽራው እናት ትጣራለች፣ ኬኩ በአንድ ጎኑ ዘሟል። አላየችውም።

ሙሽራዋ አምስት ሰዓት ላይ ወጣች። ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። ጁማና ደረጃውን ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ሦስተኛውን ጠረጴዛ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን በሙሉ ወደዚያ አልዞረችም። ስትሸኝ ሙዝናን አቀፈቻትና በጆሮዋ፣ «ተዪው፤ ለምጄዋለሁ» አለቻት። ኢንቲሳር ከኋላ ሆና የልጅቱን ቀሚስ ጫፍ እያነሳች ታለቅስ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሹሩቅ ታብሌቶቹን ልትመልስ መጣች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጸብ አልነበረም» አለች። «ቀይ የወጣባት አንዲት ሴትዮ ብቻ ነበረች። እሷም አልጮኸችም። ይልቅ አለመጮኋ ነው የከፋኝ።»

«ማን ናት?»

«አልተናገረችም። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ እጇን ሂና ተቀብታለች። ካርዱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ነው የያዘችው። ኮዱን ሳነበው ቀይ። ጽሑፉን አነበብኩላት፤ ‹ይህ ካርድ በጋባዧ ተሰርዟል፣ ጋባዥ፦ ጁማና› ይላል። ጥግ ቆማ ቆየችና ‹እባክሽ ልጄ እንደገና ሞክሪው› አለችኝ። ሞከርኩት። ከዚያ ዐባያ መቀበያው ጋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ‹ቤተሰብ ነዎት? ሰው ልጥራልዎት?› አልኳት። ‹አይ፣ ማንንም አታስቸግሪ› አለች። ስንት ሰዓት እንደተቀመጠች አላውቅም። ውሃ ሰጠኋት። ሙሽራዋ ከወጣች በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ መጣችና ሞክሪው አለችኝ።»

ሙዝና ታብሌቱን ተቀብላ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ የሚመዘግበውን ገጽ ከፈተች።

ሰኞ ጠዋት፦ የሲሃም ካርድ ተሰረዘ። የሰረዘችው፦ ኢንቲሳር። ሐሙስ ምሽት ሦስት ሰዓት ከአርባ፦ ካርዱ በር ላይ ተነበበ፤ አልተፈቀደም። አራት ሰዓት ከሃያ፦ አልተፈቀደም። አምስት ሰዓት ከአምስት፦ አልተፈቀደም።

የሰርጉ መዝገብ በሙሽራዋ ስም ስለሆነ ማንም ይሰርዝ ማን፣ በር ላይ የሚወጣው የጁማና ስም ነው። ሙዝና ይህን ስታስብ ተነስታ በሩን ዘጋችና ለኢንቲሳር ደወለች።

«ኻላ፣ የሲሃምን ካርድ እርስዎ ነዎት የሰረዙት?»

«እኔ ነኝ» አለች ኢንቲሳር። «ስሟን አየሁት። ኩፍኝ ሲይዛት አጠገቧ ማን አደረ? ትምህርት ቤት በር ላይ በዚያ ፀሐይ ማን ቆመ? እና በሰርጓ ቀን መጥታ እናት ነኝ ትበል?» ድምፅዋ ወረደ። «መሰረዙን እዚያው ያንቡዕ ሆና ታየዋለች ብዬ ነው ሙዝና። አይታው ትቀራለች ብዬ። ደጃፍ ድረስ መጣች እንዴ?»

«መጣች።»

«ወዲያው ሄደች?»

«አልሄደችም። ቆየች።»

ኢንቲሳር ማልቀስ ጀመረች፤ ያዘገየችው ልቅሶ እንደነበረ ያስታውቃል። «ለልጅቱ አትንገሪያት። በአላህ ይዤሻለሁ። ትጠላኛለች። እኔ ከሷ ሌላ ማን አለኝ?»

«እሺ» አለች ሙዝና። እንደገና እሺ አለች።

ለአሮጊቷ አዝና ነው ቢባል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ አያምርም። ይህ ነገር ከወጣ ጂዳ ውስጥ ምስጢሯን ለሙዝና የምትሰጥ ሙሽራ አትኖርም፤ ወሬው ከአንድ የሴቶች ስብስብ ወደ ሌላው ለመድረስ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ስለዚህ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ያንን መዝገብ «ከደንበኛዋ የተሰወረ» አደረገችው። የሰው ጓዳ እቆልፋለሁ እያለች ስትሰብክ የኖረች ሴት የቆለፈችው የራሷን ነውር ነው።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። በነዚህ ቀናት ሙዝና ለጁማና መልእክት ጽፋ አጥፍታለች፤ አንዴ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። በጫጉላ ጉዞ ላይ ናት፣ ደስታዋን አላበላሽም አለች። ትመለስና በአካል እነግራታለሁ አለች። የሲሃም ስልክ ቁጥርም ካርዱ ላይ ነበረ። ደውሎ «ልጅሽ አይደለችም የሰረዘችሽ» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሙዝና ግማሽ ደቂቃ አጣች።

ጁማና ከጉዞዋ እንደተመለሰች በቀጥታ ወደ ቢሮው መጣች። ፀሐይ ነክቷት ጠይማለች፤ በወረቀት የተጠቀለለ የሐር ሻሽ ይዛለች።

«ይሄ ላንቺ ነው» አለች። «ምስጢሬን ስለጠበቅሽልኝ።»

ሙዝና ሻሹን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ምን አደከመሽ» አለች።

«የምስጋናው ካርድ ዛሬ ነው ለእንግዶቹ የሚላከው?»

«ዛሬ ነው።»

«እንግዲያው የሲሃምን ስም አጥፊልኝ። ጭራሽ ከዝርዝሩ አውጪያት።» እናቴ አላለችም።

ሙዝና ስሙን ፈልጋ ማጥፊያውን ነካች። ፕሮግራሙ ጥያቄ አወጣ፦ «የዚህች እንግዳ ስምና ታሪክ በሙሉ ይጠፋል፤ መመለስ አይቻልም። ይቀጥል?» ታሪኳ በሙሉ ማለት ሦስቱም ሙከራዎች ናቸው፤ የሰረዘቻትም ሴት ስም ነው። አንድ ጊዜ ከተነካ ማንም፣ መቼም አያውቅም። ያውም በሙሽራዋ በራሷ ትእዛዝ። እውነቱን ለመናገር የሙዝና ጣት ወደዚያው ሄዶ ነበር።

«በማግስቱ ምን ብላ ጻፈችልኝ መሰለሽ?» አለች ጁማና ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ እየተደገፈች። «‹ልጄ፣ መብትሽ ነው፤ አልተቀየምኩሽም፤ እንኳን ደስ አለሽ› ትለኛለች። እሷ! እኔን! ዓይኗን በጨው አጥባ!»

የሙዝና ጣት ቆመ። ያቺ ሴት በጂዳና በያንቡዕ መሃል ያለውን መንገድ ሂና የተቀባ እጇን እያየች እንዴት እንደተመለሰች ገባት። ጥያቄውን ዘጋችው፣ የሰወረችውን ገጽ ከፈተችው፣ ኮምፒውተሩንም ወደ ጁማና አዞረችላት።

«አንብቢው» አለች።

ጁማና እያነበበች ጣቷን በየመስመሩ ላይ አደረገች። የአክስቷ ስም ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ወረደች። ሦስት ሰዓት ከአርባ። አራት ሰዓት ከሃያ። የመጨረሻው ላይ ብዙ ቆየች።

«እኔ አምስት ሰዓት ላይ ነው የወጣሁት» አለች። «ከበሮው በር ድረስ ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«አክስቴ እንዴት አየችው? አንቺና እኔ፣ ከዚያ በላይ አላህ ብቻ ብለሽኝ አልነበረም?»

«እኔ ነኝ የከፈትኩላት። ማዕሙል ይዛ መጣች፣ አጠገቤ ቆመች… እምቢ ማለት አፈርኩ። ነገ እዘጋዋለሁ ብዬ ረሳሁት።»

«አፈርሽ» አለች ጁማና፤ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ይመስላል። «መቼ አወቅሽ?»

«በማግስቱ።»

ሙዝና ስድብ ጠበቀች፤ ስድብ ቢመጣ ይቀላት ነበር። ጁማና ግን ስልኳን አውጥታ ከእናቷ ጋር የተጻጻፈችውን ከፍታ ሙዝና ፊት አደረገችላት። ከሲሃም መልእክት ሥር ልጅቱ የመለሰችው አለ፦ «በር በር እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ከእንግዲህ አላይም። እናቴ ያሳደገችኝ ናት። ቁጥሬን ከስልክሽ አጥፊው፣ ስሜንም አታንሺ።» መልእክቱ ተነቧል። መልስ የለውም።

«ይሄን የጻፍኩት ቅዳሜ ነው» አለች። «አርብ ብትነግሪኝ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።»

ይቅርታ የሚለው ቃል የሙዝና አፍ ላይ መጥቶ እንኳ ለማውጣት አፈረች፤ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ማፈር ተገቢ ሆነ።

ጁማና ደወለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ብዙ ጠራ። ሊዘጋ ሲል ተነሳ፤ የሴት ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ትንሽ የደከመው።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

ሲሃም ልጇ ያዘዘቻትን ፈጽማለች፤ ቁጥሩን አጥፍታዋለች። ጁማና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ሙዝና ወደ ወለሉ አየች።

«ሄሎ? አይሰማም። ማን ልበል?» አለች ሲሃም፣ ሰው ለማያውቀው በሚናገርበት ትሕትና።

«እኔ ነኝ» አለች ጁማና እያለቀሰች፤ ልቅሶው ድምፅዋን ለውጦት ነበር።

«አንቺ ማን?»